ጎንበስ ብላ የምታይ ካሜራ

ስለ አንድ ዕቃ ጥሩነትና መጥፎነት አብዝቶ የሚያወራው ማን እንደሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ዕቃውን ነክቶት የማያውቅ ሰው ነው። ሊማሊሞን ስትወርዱ ሾፌሩ ዝም ብሎ ይነዳል፤ ስለ ፍሬን ትንታኔ የሚሰጠው የኋላ ወንበር ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ስዕለት የሚሳለው ተሳፋሪ ነው። እኔ ደግሞ ሦስት የፊልም ካሜራዎች አሉኝ። እንግዲህ ደባርቅ ውስጥ የማይመክረኝ ሰው የለም ማለት ነው።

«ጊዜያቸው አልፏል» ይሉኛል። ይሁን። ስለ እኔም እንደዚሁ ሲባል ሰምቻለሁ፤ ግን ይኸው በየማለዳው ሱቄን የምከፍተው እኔው ነኝ።

ካሜራዎቹ የወንድሜ ነበሩ። ነፍሱን ይማረውና፣ ደባትና ደባርቅ እየተመላለሰ የመታወቂያ ፎቶ ያነሳ ነበር። ሲሞት ዘመድ በጎቹን ተካፈለና ለእኔ «አንቺ ማንበብ ትወጃለሽ» ብሎ ካሜራዎቹን ሰጠኝ። ማንበብና ካሜራን ምን እንዳገናኛቸው ያን ጊዜ አልገባኝም። በኋላ ከሣጥኑ ሥር የእንግሊዝኛ መመሪያ አገኘሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት፣ መዝገበ ቃላት ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ አንድ ክረምት ሙሉ ቃል በቃል ለቅሜ ጨረስኩት። ያለቀ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር አንብቤ የምጥል ሰው ነኝ፤ መመሪያ አያሸንፈኝም።

ሦስቱን ላስተዋውቃችሁ። ትንሿ ዓይን ላይ ተለጥፋ የምታይ ናት፤ በአንድ ጥቅል ፊልም ሠላሳ ስድስት ፎቶ ታነሳለች። መካከለኛዋ ሁለት ሌንስ ከላይና ከታች የደረደረች ሣጥን ናት፤ አንገት ላይ ተንጠልጥላ ሆድ ጋ ስለምትቀመጥ፣ ባለቤቷ ጎንበስ ብሎ ከላይ ወደ ውስጧ ነው የሚያየው። በአንድ ጥቅል አሥራ ሁለት ብቻ! ትልቁ ባለ ሦስት እግር የእንጨት ካሜራ ነው፤ ጥቁር ጨርቅ ተከናንበው ሲያዩበት ሰው ተዘቅዝቆ ይታያል። የሚያነሳው አንድ በአንድ ነው፤ ችኩል አይወድም።

ከመንገዱ ማዶ ሀብታሙ የሚባል ጎረምሳ ዘመናዊ ስቱዲዮ ከፍቷል። ልጁ ክፉ አይደለም፤ አፉ ብቻ ነው።

«እትዬ ዝናሽ፣ ለሆቴል ጌጥ ይሽጧቸው። ካልሆነ ከነሱ ጋር አንድ ላንሳዎትና ፖስት ላድርግዎት፤ ‹የመጨረሻዋ ባለ ፊልም› ብዬ።»

«መጀመሪያ ልሙትና ከዚያ የመጨረሻዋ በለኝ» አልኩት።

ከሁለት ወር በፊት፣ አንድ ሐሙስ ቀን ታዲያ አያ ፈንታሁን መጡ። አያ ፈንታሁን ስሜን ተራራ፣ ጨነቅ ላይ ጠመንጃ አንግተው ቱሪስት ሲያጅቡ የኖሩ ስካውት ናቸው። ያላነሳቸው ቱሪስት የለም፤ ከጭላዳ ዝንጀሮ ቀጥሎ በዚያ ተራራ ላይ እንደሳቸው የተነሳ ፍጡር ያለ አይመስለኝም። ሁሉም «እልክልሃለሁ» ብሎ አድራሻ ጽፎ ይሄዳል። አንድም አልመጣ። መልካቸው በዓለም ዙሪያ በየሰው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ እቤታቸው አንዲት ፎቶ የለችም!

ያን ሰሞን ደግሞ ልባቸው ታሞ ሰኞ ወደ ጎንደር ለቀዶ ሕክምና ሊሄዱ ሆነ። ባለቤታቸው እትዬ እማዋይሽ «መልክህን ሳትተውልኝ ከዚህ ቤት አትወጣም» ብለው በር ላይ ቆመዋል። አያ ፈንታሁንም ቀድመው ሀብታሙ ዘንድ ሄደው ነበር። ሀብታሙ መጨማደዱን አጠፋላቸው፤ ከንፈራቸውን አቀላላቸው፤ ከኋላቸው በረዶ የለበሰ የውጭ አገር ተራራ አቆመላቸው። ዕድሜ ልካቸውን ስሜንን ለጠበቁ ሰው! እትዬ እማዋይሽ ፎቶውን ቢያዩ፣ «ይሄ ደግሞ የማን ሙሽራ ነው?» አሉ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔኑ አንሽኝ» አሉኝ በርጩማው ላይ እየተቀመጡ። «ሌላ ሰው አታድርጊኝ።»

በትንሿ ጀመርኩ። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ወደሳቸው ሳዞር ሰውየው ደረቁ። መንጋጋቸው ገጠመ፤ ዓይናቸው ጠበበ። በፓርኩ ውስጥ ዋልያ ሊገድል የመጣ ሽፍታ ያዩ መሰሉ። ለካስ ዕድሜውን ከጠመንጃ ጋር የኖረ ሰው፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያነጣጥርበትን ሰው ፈገግ ብሎ አያይም። መመሪያው ይህን አልጻፈም።

ትልቁን አቆምኩ። ጥቁሩን ጨርቅ ስከናነብ በርጩማው ሲንቋቋ ሰማሁ። አያ ፈንታሁን ተነስተው አጠገቤ ቆመዋል።

«ምነው ልጄ? ማን ሞተብሽ?»

«ማንም አልሞተብኝም፤ በዚህ ነው የሚታየው።»

«ተይው፣ ጥቁሩን አውልቂው። ልቡን ሊታከም በሚሄድ ሰው ፊት ጥቁር አይለበስም።»

እውነታቸውን ነው። አወለቅኩት።

የቀረችው ባለ አሥራ ሁለቷ ናት። ለሷ ያለኝ ደግሞ አንድ ጥቅል ብቻ ነው፤ እሱንም ሾፌር ለምኜ ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት፣ ቀኑ ያለፈበት። አንገቴ ላይ አንጠለጠልኳት፣ ፊታቸው ቆምኩ፣ ለማየት ጎንበስ አልኩ። እሳቸውም ብድግ ብለው ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ዝቅ አድርገው ጎንበስ! ጣቴ ቀድሞ ተጭኖት ነበር። ፊት ሳይሆን አንድ ጥምጥም አነሳሁ።

«ኧረ ይቀመጡ፣ አያ!»

«አንቺ እጅ እየነሳሽ እኔ እንደ ጉቶ ልቀመጥ?»

«እጅ እየነሳሁ አይደለም፤ ካሜራዋ በዚህ ነው የምታየው።»

«ደግ ካሜራ ናት» አሉና ተቀመጡ።

ጎንበስ አልኩ። ጎንበስ አሉ። ሁለተኛ ጥምጥም። ወንበር አመጣሁላቸው፤ ከወንበሩም ተነሱ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዲያደርጉ ለመንኳቸው፤ ከነእጃቸው አጎነበሱ። አምስተኛው ላይ ቁጣ ሞከርኩ። «ገብቶኛል ልጄ፤ አንገቴ ነው እንጂ እንቢ ያለው» አሉኝ በጣም አዝነው። እኔም እስቲ ሰውየው ጎንበስ ሳይሉ ልቅደማቸው ብዬ ብፈጥን፣ እሳቸው ደግሞ በአክብሮት ልበለጥ ወይ ብለው ይፈጥናሉ። በአሥራ አንደኛው ሁለታችንም አተነፋፈሳችን ተቀይሯል። የልብ ሕመምተኛ እያሠራሁ መሆኔ ያኔ ትዝ አለኝ።

ያልተበላሸ አንድ ቀርቷል። ሰኞ ደግሞ ሰኞ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ፎቶ አልደረሰም ብሎ አይቆምም።

ቀና አልኩ። እሳቸው ገና እንዳጎነበሱ ናቸው፤ ጥምጥማቸው ተፈትቶ ጆሯቸው ላይ ወርዷል። ሳቄ አመለጠኝ። ሳላይ፣ ካሜራዋን ሆዴ ላይ እንደያዝኩ፣ «በቃ፣ አሸንፈውኛል!» አልኩና ተጫንኩት።

በማግስቱ ጨለማ ክፍል ገብቼ አጠብኩት። አሥራ አንድ ጥምጥም፤ ለጥምጥም ነጋዴ ጥሩ ማስታወቂያ ይሆን ነበር። አሥራ ሁለተኛውን አትሜ፣ ውኃው ሳይደርቅ ለእትዬ እማዋይሽ ወሰድኩላቸው። አያ ፈንታሁን ካጎነበሱበት ገና ቀና ሲሉ ነው፤ ፊታቸው ትንሽ ዘመም ብሏል፣ ጥምጥሙ ተፈቷል፣ መጨማደዱ አንድም ሳይጎድል አለ፣ ሳቅ ከዓይናቸው ተነስቶ አፋቸው ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረው።

እትዬ እማዋይሽ ወደ በሩ ብርሃን አዙረው አዩት። ከዚያ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ይሄስ እሱ ነው» አሉ። «ከሥራ ሲመለስ የበሩ ጉበን እንዳይመታው ጎንበስ ብሎ ገብቶ፣ ቀና ሲል እንዲህ ነው የሚያየኝ።»

ሰኞ ሄዱ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ታክመው ተመልሰዋል። ፎቶው ግን ከግድግዳው አልወረደም፤ ባለመልኩ ራሳቸው መጥተዋል ቢባሉም እትዬ እማዋይሽ «ሁለቱም ይኑሩ» ብለዋል።

ስለዚህ የትኛው ካሜራ ይበልጣል ለምትሉኝ፣ የሌንሱን ጥራት ሀብታሙን ጠይቁት፤ አብጠርጥሮ ይነግራችኋል። እኔ የማየው አንሺውን ምን እንደሚያደርገው ነው። አንዷ ታነጣጥራለች፤ አንዱ ያስከናንባል፤ ስልክ የሚሉት እጅን አዘርግቶ ሰውን ወዲያ ይገፋል። አንዷ ብቻ ጎንበስ ታሰኛለች። ወገቤ እስከቻለ ድረስ አልሸጣትም።

ትናንት ሀብታሙ ወሬውን ሰምቶ መጣ።

«እትዬ ዝናሽ፣ አሁንስ አይቀርልዎትም። ከዚችው ከካሜራዋ ጋር፣ አንድ ብቻ!» ብሎ ስልኩን ፊቴ ላይ ዘረጋ።

እኔም ሰው አክባሪ ነኝ። ከወንበሬ ተነስቼ ጎንበስ አልኩለት።

በስልኩ ሻሼን ብቻ አንስቶ ሄደ።