መብራት ያልጠፋበት ጠዋት

ፋብሪካ ሲዳከም ሰው መጀመሪያ የሚመለከተው ወደ ውስጥ ነው። ባለቤቱ ሰነፍ ነው፣ ሠራተኛው በሙቀት ያንቀላፋል፣ ማሽኑ አርጅቷል እንላለን። እኔም ድሬዳዋ ተቀምጬ ለዓመታት እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ሥር ሆኖ ሰው መውቀስ ምን ያህል እንደሚቀል እናንተም ታውቁታላችሁ። የፋብሪካ አጥር ግን ጉደኛ ነገር ነው፤ ሌባ ይከለክላል እንጂ የዶላር እጥረትን፣ የናፍጣ ሰልፍንና ከድንበር ማዶ የሚገባውን ዕቃ አይከለክልም። እነዚህ ዘበኛውን ሰላም ሳይሉ ነው የሚገቡት።

ይህን የተማርኩት ከጎረቤቴ ከሐጂ ዩሱፍ ነው። ሐጂ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መኮሮኒ ያመርቱ ነበር። መኮሮኒ ገር ምግብ ይመስላል እንጂ አሠራሩ ክፉ ነው። ሊጡ ቅርጽ በሚያወጣው ባለቀዳዳ ነሐስ ውስጥ እያለፈ ሳለ መብራት ከሄደ እዚያው ይደርቃል፤ ሲሚንቶ በሉት። ነሐሱን ፈትቶ፣ ዘፍዝፎ፣ ቀዳዳውን አንድ በአንድ ጠርጎ መልሶ መግጠም ሙሉ ቀን ይፈጃል። ጄኔሬተሩ ናፍጣ ካጣ ሰንብቷል፤ ትርፍ ነሐስ ከውጭ እንዳይመጣ ዶላር የለም። ስለዚህ የሐጂ ሠራተኞች ከመኮሮኒ ሥራ ይልቅ በቀዳዳ ጠረጋ ተክነው ነበር።

ካቻምና ክረምት አንድ ጅምላ ነጋዴ ለሐጂ ዕድል ሰጣቸው። እስከ ቅዳሜ አንድ መኪና ሙሉ ካደረሱለት ዓመቱን ሙሉ ከእሳቸው ሊወስድ፤ ካልሆነ ከድንበር ማዶ ከሚመጣው። የሃያ ሰው እንጀራ እዚያ መኪና ላይ ተጫነ ማለት ነው። ሐሙስ ላይ ሲደረስ የጎደለው የአንድ ቀን ሥራ ብቻ ነበር።

የዚያን ዕለት ጠዋት ልጠይቃቸው ስሄድ መብራት አለ። ማሽኑ ግን ቆሟል። ሠራተኞቹ ዱቄቱን ከበው ተቀምጠው ጣሪያው ላይ ያለውን አምፖል ያያሉ።

«ምነው ሐጂ፣ አይጀመርም?» አልኳቸው።

«ሰሞኑን ሦስት ሰዓት ላይ ሄዶ አምስት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው። ሄዶ ይምጣና እንጀምራለን።»

ሦስት ሰዓት አለፈ። አራት ሰዓት ሆነ፣ አምስትም ሆነ፤ አምፖሉ ቦግ ብሎ ይበራል።

«አቦ ሐጂ፣ ዛሬ ረስተውናል፤ እንጀምር» አለች ማሸጊያ ክፍል የምትሠራው ብዙነሽ።

«ዝም በይ አንቺ። እንዲህ ስናምነው ነው የሚከዳን።»

«እስኪከዳን ልንጠብቅ ነው? ወላሂ ባሌን እንኳ እንዲህ ጠብቄው አላውቅም።»

ሁሉም ሳቁ። የተነሳ ግን አልነበረም። አትፍረዱባቸው፤ ጣታቸው እስኪላጥ ስንት ቀን ነሐስ ጠርገዋል። ከመብራት መኖር ይልቅ መሄዱን ማመን ለምደዋል። እኔም ከእነሱ ጋር ቁጭ ብዬ አምፖሉን ሳይ ዋልኩ፤ እንዲሄድ መመኘቴ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከተማው ለቀትር ዕረፍት በሩን ሲዘጋ፣ ሐጂ ጨነቃቸውና «ቢስሚላህ» ብለው ማሽኑን አስነሱት። የመጀመሪያው መኮሮኒ መውረድ ጀመረ። ብዙነሽ አንዷን አንስታ በጥርሷ ነከስ አደረገች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መብራት ሄደ።

አንዱ ተነስቶ መፍቻ ፍለጋ ወጣ።

ቅዳሜ መኪናው ጎዶሎ ሄደ። ነጋዴው ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዳለው አደረገ። በዓመቱ ፋብሪካው ሲዘጋ አዳራሹን መጋዘን አድርጎ የተከራየውም እሱ ነው። ከሃያው ሠራተኛ የቀረችው ብዙነሽ ብቻ ናት። መንገድ ላይ ማሸጊያው የተቀደደውን የውጭ መኮሮኒ፣ የሐጂ ስም በታተመባቸው የተረፉ ከረጢቶች እየሞላች ታሽጋለች። ሐጂ ነገሩን አልወደዱትም፤ ቢከለክሉ ግን እሷም ወደ ቤቷ ልትሄድ ነው። አልከለከሉም።

ባለፈው ሳምንት ከእሳቸው ጋር በገበያ ሳልፍ አንድ ባለሱቅ ሮጦ መጥቶ እጃቸውን ያዘ።

«ሐጂ፣ ማሻ አላህ፣ መኮሮኒያችሁ ዘንድሮ አምሮበታል። ምን አድርጋችሁት ነው?»



«ተውነው» አሉት ሐጂ።