ኩፍኝ በአርባ ዲግሪ

ልጅ መውለድ ማለት በልጅነታችሁ ያመለጣችሁን በሽታ ሁሉ ቤታችሁ ድረስ መጥራት ማለት ነው! ካላመናችሁ እኔን እዩኝ። የስድስት ዓመቷ ልጄ ከትምህርት ቤት ኩፍኝ ይዛ መጣች፤ በሳምንቱ ድና ሶፋ ላይ መዝለል ጀመረች። ከዚያ እኔ፣ የአርባ ዓመቱ ጎልማሳ፣ ተረኛ ሆንኩ።

መጀመሪያ «ሙቀት ነው» ብዬ ሸፋፈንኩት። ጅቡቲ ውስጥ ሽፍታም፣ ራስ ምታትም፣ የሚስት ኩርፊያም ሙቀት ነው። በሽታውን የደበቀ ግን መድኃኒት የለውም... በሦስተኛው ቀን ፊቴ በርበሬ የተነሰነሰበት መሰለ።

አማቴ እማማ ዘነቡ የልጅ ልጃቸውን ሊያስታምሙ ከደብረ ብርሃን ተነስተው፣ የባቡር ትኬት ቆይቶባቸው፣ ናጋድ ባቡር ጣቢያ የወረዱት ይኼኔ ነው። ታማሚዋን ስትዘል ቢያገኟት ጋቢያቸውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ። ኩፍኝ ነፋስ ከነካው ወደ ውስጥ ይገባል ብለው መስኮቱን ዘጉ፤ እኛ ጅቡቲዎች «ክሊም» የምንለውን ማቀዝቀዣ አጠፉ፤ ጋቢውን ደረቡልኝ። በሐምሌ! በአርባ ዲግሪ! ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ሕክምና ነው፤ እዚህ ግን የምግብ አሠራር ነው።

ያየኝ ሐኪም ክፍሉ ቀዝቀዝ ይበል፣ ልብሱም ይቅለል ብሎ በፈረንሳይኛ አዝዞ ነበር። ሚስቴ ተረጎመችላቸው። እማማ ዘነቡ ግን ንቅንቅ አላሉም።

«እሱ የሚያውቀው የፈረንሳይን ኩፍኝ ነው» አሉ።

ሚስቴን በዓይኔ ተማጸንኳት። እሷ እቴ! ልብስ ማጠፍ ጀመረች።

አምስት ቀን ተቀቀልኩ። በስድስተኛው ሽፍታው ከሰመ፣ ትኩሳቱም ለቀቀኝ። አማቴ ግንባሬን ዳሰው «በቃ፣ ወጥቶልሃል» አሉና ክሊሙን በገዛ እጃቸው ከፈቱት። ነፋሱን ልቀበል ብድግ ስል ቀድመውኝ ከሥሩ ቆመዋል። ነጠላቸውን አውርደው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው... «እፎይ!» ቀሚሳቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል።

ለካ እኔ ጋቢውን ስረግም እሳቸው እዚያው የታፈነ ክፍል ውስጥ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ አምስቱንም ቀን ከጎኔ አልተለዩም ነበር! አፈርኩ።

«እማማ፣ ሳሎኑ እኮ ቀዝቃዛ ነው። ምናለ ወጣ ብለው ቢያርፉ ኖሮ?» አልኳቸው።

«ልጄ እየተቀቀለ እኔ ነፋስ ልቀበል?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

አንጀቴን በሉት። ግን ቆይ... መቀቀሌን ያውቁ ነበር ማለት ነው!