ስለ ዝናሽ ዜሮ የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ሰኔ 12 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ደብረ ታቦር፣ ሰላም በር የነርሶች ማሠልጠኛ፣ የዲኑ ቢሮ። ስብሰባው የተጠራው በኢንተርኔት ነበር። ሰብሳቢው «ይሰማል?» እያሉ አርባ ደቂቃ ከቆዩ በኋላ ሁሉም አባላት እዚሁ ግቢ ውስጥ መሆናቸው ስለታወቀ፣ ከጠዋቱ 4፡00 ላይ ቢሮ ውስጥ ተጀመረ።

የተገኙ፦
1. አቶ አዳነ፣ ዲን፣ ሰብሳቢ
2. ወ/ሮ ፈንታነሽ፣ የመለማመጃ ክፍል ኃላፊ
3. አቶ ይሻው፣ የሥነ ምግባር መምህር
4. ሲስተር ሠናይት፣ የመርፌ አሰጣጥ መምህርት
5. ማሩ፣ ጸሐፊ (በረንዳ ላይ፣ በመስኮት በኩል)

ምልዓተ ጉባኤያችን አምስት ሰው ነው። በወረርሽኙ ምክንያት ደግሞ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከልክሏል። ስለዚህ አምስተኛው ውጭ እንዲቀመጥ ተደረገ፤ አምስተኛው እኔ ነኝ። ዝናብ ይጥላል።

አጀንዳ 1፦ የኢንተርኔት ተማሪ ቤቱ ሆኖ መርፌ ምን ላይ ይውጋ?

አቶ ይሻው ሎሚ ይሁን አሉ። ወ/ሮ ፈንታነሽ፣ ሎሚ ጡንቻ ስለሌለው ድንች እንዲሆን አሳሰቡ። የመለማመጃው አሻንጉሊት ወጥቶ ለምን አይቀረጽም ተብለው ሲጠየቁ፣ መጀመሪያ አሥራ አራት ቀን ተለይቶ መቆየት አለበት ብለው ድርቅ አሉ። ከመጋቢት ጀምሮ እሳቸው ራሳቸው ቆልፈውበት መክረሙ ቢነገራቸውም «አልተመረመረም» አሉ። ከረጅም ውይይት በኋላ ድንች እንዲሆን፣ አሻንጉሊቱም ማስክ እንዲያደርግ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ጸሐፊው «ጉድ እኮ ነው!» ማለቱ ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ታዟል፤ ሰርዣለሁ።

አጀንዳ 2፦ የተማሪ ዝናሽ ዜሮ

ዝናሽ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ማሠልጠኛው ሲዘጋ ከወንዛዬ ማዶ ወደሚኖሩት ቤተሰቦቿ ገባች። መርፌ ስትወጋ የሚያሳይ ቪዲዮ አልላከችም ተብሎ ዜሮ ተሰጥቷታል፤ ካልተነሣላት ዓመቱን ትደግማለች። ሲስተር ሠናይት፣ ልጅቱ ኔትወርክ ፍለጋ ሐሙሲት ድረስ ሦስት ሰዓት በእግሯ እንደምትሄድ ገለጹ። አቶ ይሻው በጠዋት መነሣት እንደምትችል አስተያየት ሰጡ።

በዚህ መካከል ዝናሽ ራሷ ከሐሙሲት ደወለች። ስልኩ ለሁሉም እንዲሰማ ተደረገ።

«መምህር፣ ጤና ጣቢያው ሰው ስላነሰው ከነርሷ ጋር ሕፃናት ስከትብ ነው የሰነበትኩት። መቶ አሥራ ሁለት ደርሰዋል፤ ነርሷም ፈርማልኛለች። ይኼ አይበቃም?»

አቶ አዳነ መመሪያው ድንች እንጂ ሕፃን እንደማይል አስረዱ። መመሪያው ከወጣ ሃያ ደቂቃው ነው። ሲስተር ሠናይት ጠረጴዛውን መትተው፣ ከዚህ ቤት ዘንድሮ ሰው የወጋ ካለ እጁን ያውጣ አሉ። አንድም እጅ አልወጣም። ከሁለት ሰዓት ክርክር በኋላ ዜሮው እንዲነሣ ተወሰነ፤ መስመር ላይ ስትጠብቅ ለቆየችው ለዝናሽም እዚያው ተነገራት። ድምፅዋ እየተቆራረጠ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብላ ዘጋች። እኔም ደስ ብሎኝ በመስኮት አጨበጨብኩ።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ጭብጨባዬን የሰሙት አቶ አዳነ ስንት እንደሆንን ቆጠሩና ደነገጡ። አምስት ከሆንን ልንከሰስ ነው። ሲስተር ሠናይት ቢቃወሙም ጸሐፊው ውጭ ስለሆነ እንዳልተገኘ እንዲቆጠር በሦስት ድምፅ ተወሰነ። አራት ሰው ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ ስላልሆነ፣ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል። ዜሮው ግን ከስብሰባው በፊት የተሰጠ በመሆኑ ይጸናል።

ስብሰባው 7፡20 ላይ ተበተነ። ይህንኑ ለዝናሽ እንዲነግር የታዘዘው ያልተገኘው ጸሐፊ ነው። አራት ጊዜ ደወልኩ። ስልኳ አይሠራም፤ ማለፏን ለእናቷ ልትነግር ከኔትወርክ ወጥታለች።