አንገት ደፊ

እስቲ ንገሩኝ፣ ዲላ ተቀምጦ በረሃ ከየት ይመጣል? እዚህ እኮ ለአጥር የተከልነው እንጨት ሳይቀር ቅጠል ያወጣል። ልጄ ቃልኪዳን ግን ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «እማዬ፣ መምህራችን ‹የሌለ የበረሃ ተክል ከራሳችሁ ፍጠሩና ከበረሃው ጋር እንዴት እንደሚላመድ ጻፉ› ብላለች» አለችኝ። የሚቀርበው በወላጆች ቀን፣ በሰው ፊት ነው። እኔ ደግሞ ትምህርት ያቋረጥኩት ከአራተኛ ክፍል። ልጄ እዚያ ቆማ የምትለው ብታጣስ? እንቅልፍ አጣሁ። ባሌን ብጠይቀው ባጃጅ ነጂ አይደል፣ «በረሃ በሞያሌ በኩል ነው፤ እዚያ ድረስ ነዳጅ አይበቃኝም» ብሎ ሳቀብኝ።

ኋላ ግን «መላመድ» የምትለዋን ቃል ያዝኳት። መላመድማ ከትውልድ ቦታዬ ከጨለለቅቱ ሙሽራ ሆኜ አማቴ ቤት ስገባ የተማርኩት አይደል? የማላውቀው በረሃውን ነው እንጂ መላመዱንማ! «ጻፊ» አልኳት። ተክሏን አንገት ደፊ አልናት። አንገቷን ትደፋለች፤ በገዛ ጥላዋ ሥሯን ታቀዘቅዛለች። ቀን አፏን ዘግታ ትውላለች፤ የምትተነፍሰው በረሃው ሲተኛ ነው። በሰጧት ቀን ጠጥታ ሆዷ ውስጥ ታስቀምጣለች፤ ነገን ማን ያውቃል? እሾህም አላት፣ ከቅጠሏ ሥር የተደበቀ።

ቃልኪዳን እየሳቀች፣ «በረሃውስ ማን ነው?» ስትለኝ፣ «አያትሽ ናቸዋ!» አልኩ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አሉ።

በወላጆች ቀን አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። መምህሯ ቃልኪዳን የሳለችውን የተክሏን ሥዕል ሰቅላ፣ «ጎበዝ! ይሄንን ከየት አመጣሽው?» አለቻት። ልጄ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ተክሏ እናቴ ናት፤ በረሃው አያቴ።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። አንገት መድፋት ያን ጊዜ ነው፣ እናንተዬ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አማቴ ብድግ አሉ። ሳቁ ቀጥ። ወደ ሥዕሉ ቀርበው ከላይ እስከ ታች አዩት።

«እኔም እኮ ሙሽራ ሆኜ ነው የገባሁት» አሉ። «ይቺን ተክል አውቃታለሁ።»

ከዚያ ወደ ቃልኪዳን ዞር ብለው፣ «እሾኋን ግን አሳንሳችሁታል፣ ልጄ። እስቲ እርሳሱን አምጪው» አሏት።