ጊታሩ እስኪያረጅ

ታላላቅ ጉዳዮችን ታላላቅ ሰዎች ይወስኑታል፤ ኮሚቴ የሚያስፈልገው ለትናንሾቹ ነው። ለዚህም ነው የመሥሪያ ቤቱ የሙዚቃ ክፍል ያለው አንድ ጊታር አንገቱ ሲሰበር፣ በዚያው ሳምንት ሰባት አባላት ያሉት የጊታር መራጭ ዐቢይ ኮሚቴ የተቋቋመው። ከሰባቱ አንዱም ጊታር ነክቶ አያውቅም። ይህም ኮሚቴውን ከአድልዎ ፍጹም ነፃ አድርጎታል።

የተሰበረውን ጊታር አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተጫወተው ሰው ስሙ እንዳልተካተተ ሲሰማ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባ።

«ጌታዬ፣ የምጫወተው እኔ ነኝና ሐሳብ ብሰጥስ?»

«አንተማ የጥቅም ግጭት አለብህ» አሉት ኃላፊው አባታዊ በሆነ ድምፅ። «ጥሩ ጊታር ቢገዛ ተጠቃሚው አንተ ነህ።»

ጊታር መቺው እጅ ነስቶ ወጣ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» በሚል የኃላፊው ንግግር የተከፈተው ስብሰባ ከሥሩ ሳይነሳ አንድ ወር አለፈ። ክርክሩ አሮጌ ጊታር ይሻላል ወይስ ዛሬ በእጅ የተሠራ የሚል ነበር። ጊታር መቺው ማታ ማታ ቤቱ ውስጥ ጣቶቹ እንዳይተሳሰሩ እራት እስኪቀርብ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዞ ይለማመዳል።

«አንተ ሰው፣ ጠረጴዛው ቅኝቱ ወርዷል» ትለዋለች ባለቤቱ።

አብሯት ይስቃል። ለዓመታት ከክር ጋር ሲፋጭ የደነደነው የግራ እጁ ጣቶች ቆዳ እንደ ሕፃን ቆዳ መለስለስ መጀመሩን ግን አልነገራትም።

በመጨረሻ ሁለት ጊታሮች ለኮሚቴው ቀረቡ። አንደኛውን ያመጣው የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ነው። ስልሳ ዓመት ያስቆጠረ፣ ሆዱ የተሰነጠቀ፣ አንገቱ የጎበጠ ጊታር ነው።

«ይህ እንጨት ስልሳ ዓመት ሙሉ ዘፈን ጠጥቷል» አለ ነጋዴው።

የኮሚቴው አባል የሆኑት የሕግ አማካሪው መነጽራቸውን አውልቀው ስንጥቁን በአክብሮት መረመሩ። «ስንጥቁ ኦርጅናል ነው?»

«ኦርጅናል ነው።»

ኮሚቴው እፎይ አለ።

ሁለተኛውን ሠርታ ያመጣችው ከጋራዥ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የምትሠራ አናጢ ናት። ሙጫ ጣቷ ላይ እንደደረቀ ነው የመጣችው።

«ስንት ዓመቱ ነው?» አሏት ኃላፊው።

«አምስት ወሩ።»

«የሥራ ልምድ የለውማ።»

«ጌታዬ፣ ጊታር እኮ ነው።»

«ማንም ቢሆን» አሉ ኃላፊው።

የግዢ ክፍል ኃላፊዋ ለግልጽነት ሲባል ጊታሮቹ ከመጋረጃ ጀርባ ይሞከሩ አሉ፤ ኮሚቴውም ተስማማ። ጊታር መቺው ተጠርቶ መጣ። በአሮጌው ጀመረ። ክሩ ይንጣጣል፤ ቅኝቱ ዘፈኑ ሳያልቅ ይላላል፤ እንደምንም አባብሎ ጨረሰ። አዲሱን ሲያነሳ ግን የመጀመሪያው ድምፅ ከእንጨቱ አልፎ ደረቱ ውስጥ ገባ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። መጋረጃ መኖሩን አመሰገነ።

ኃላፊው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሁለተኛው! ዕድሜ ማለት ይሄ ነው። ትናንት የተወለደ ይህን ድምፅ ከየት ያመጣዋል?»

ስድስቱም «ከየት ያመጣዋል» አሉ።

መጋረጃው ተገለጠ። ጊታር መቺው ጭን ላይ ያለው የአምስት ወሩ ጊታር ነበር። አናጢዋ ሳቋን በክርኗ ሸፈነች።

ኮሚቴውን ከጭንቅ ያወጡት የሕግ አማካሪው ናቸው። «ሙከራው ግድፈት አለበት። ተጫዋቹ ሁለተኛውን አሳምሮ ተጫውቷል።»

«ያሳመረው ጊታሩ ነው» አለ ጊታር መቺው። ለዚህ አባባሉ የቃል ማስጠንቀቂያ ተሰጠው።

ውሳኔው በማግስቱ ተነበበ። ያገለገለ ዕቃ መግዛት በመመሪያ የተከለከለ በመሆኑ አዲሱ ጊታር እንዲገዛ ተወስኗል። የጊታር መቺው ፊት በራ። ጸሐፊዋ ግን ማንበቧን አላቆመችም። «ሆኖም አሮጌ ጊታር የተሻለ መሆኑን ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ስላመነበት፣ ንብረቱ ተገቢውን ዕድሜ እስኪያገኝ ለሠላሳ ዓመት በዕቃ ግምጃ ቤት ይቀመጥ።»

«እኔ እኮ በአራት ዓመት ውስጥ ጡረታ እወጣለሁ» አለ።

«የቆየ ከሚስቱ ይወልዳል» አሉት ኃላፊው። «ተተኪህ ያመሰግንሃል።»

የመሥሪያ ቤቱ ዓመታዊ በዓል ደረሰ። የጊታር መቺው ስም በመርሐ ግብሩ ላይ ታትሞ ስለነበር፣ ባዶ እጁን መድረክ ላይ ተቀምጦ ሦስት ዘፈን አሳለፈ። ተጨበጨበለት። ከሁሉ ያመመው ጭብጨባው ነው።

ሰኞ ጠዋት ማመልከቻ ጻፈ፤ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ረዳትነት እንዲዛወር የሚጠይቅ።

«ደረጃህ ዝቅ ሊል?» አለችው ባለቤቱ።

«ቁልፍ ይሰጡኛል።»

ዝቅ ማለት የሚለምን ሰው ፋይል አይጓተትም፤ ከሰዓት በኋላ ተፈረመለት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየምሳ ሰዓቱ፣ በወረቀት ካርቶኖችና እግራቸው በተነቀለ ወንበሮች መሃል ተቀምጦ፣ በሩን ከውስጥ ዘግቶ ይጫወታል። የጣቱ ቆዳ መልሶ ደነደነ። ሠራተኛው ምሳ ዕቃውን እየያዘ ኮሪደሩ ላይ መብላት ለመደ፤ በሩን ያንኳኳ ግን የለም።

በሦስተኛው ወር ኮሚቴው ለንብረት ቁጥጥር በዚያ ሲያልፍ ኃላፊው ድንገት ቆሙ። ከበሩ ጀርባ የሚመጣው ድምፅ ግድግዳውን አሙቆታል። ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ስድስቱን ዝም አሰኙ።

«ሰማችሁ?» አሉ በሹክሹክታ። «ከተቀመጠ ገና በሦስት ወር ውስጥ ማርጀት ጀምሯል።»

የሕግ አማካሪው ይህንኑ በቃለ ጉባኤ መያዣቸው ላይ ጻፉ። የግዢ ክፍል ኃላፊዋ ጆሯቸውን ወደ በሩ አስጠግተው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ ግራ ተጋቡ።

«ግን እኮ ማን ነው የሚጫወተው?»

ኃላፊው በትዕግሥት ተመለከቷቸው።

«ዕድሜ ነዋ።»