ጋሽ ተድላ ያላስተማሩት ምዕራፍ

ካርቱም ውስጥ ሦስት ሐበሻ ከተሰበሰበ፣ አንዱ ሳይጠየቅ ስለ ሱዳን የሚያስተምር ነው። ከጦርነቱ በፊት በነበሩት ዓመታት፣ ባሕሪ በሚባለው ሰፈር ይህ ማዕረግ የአናጢው የጋሽ ተድላ ነበር። ሃያ ሦስት ዓመት ኖረዋል፤ "ስለ ሱዳን እኔን ጠይቁኝ!" ሳይሉ ውለው አያውቁም።

ሬሕማ ከወሎ መጥታ በጎረቤታቸው በሐጅ ሳዲቅ ቤት ሥራ የያዘች ዕለት ትምህርቷ ተጀመረ።

"ሰላምታ ላይ አትቸኩዪ። የቤተሰቡን ሁሉ ጤና ሳትጠይቂ ወደ ጉዳይሽ ከገባሽ ባለጌ ነሽ፣ ኸላስ፣ አለቀ! ደግሞ እኛ 'በሞቴ ብላ' ስንል እነሱ 'ሚስቴ ትፈታ' ብለው ይምላሉ። እኔ አንዴ ጠግቤያለሁ ብዬ ድርቅ ስል የሰው ትዳር ላፈርስ ነበር!"

ስለ ልቅሶ ሲያስተምሩ ግን ድምፃቸው ይከብዳል። "በር ላይ መዳፍሽን ዘርግተሽ 'አል-ፋቲሃ' ትያለሽ። ከዚያ ያላ፣ ተቀመጪ።" ሙስሊሟ ሬሕማ የፋቲሃን ጸሎት ከሕፃንነቷ ጀምሮ ብታውቀውም በአክብሮት ታዳምጣለች። "የኛን ሐዘን ግን ለነሱ አትንገሪ። የሐበሻ ሞት እዚህ አይቆጠርም። ስለ ሱዳን እኔን ጠይቂኝ።"

አንድ ማለዳ የማኅበራቸው ሰው ዘማርያም መርዶ ይዞ መጣ። ደባርቅ ያሉት የጋሽ ተድላ እናት ዐርፈዋል። ጋሽ ተድላ መርዶ ነጋሪውን ሸኝተው እንደ ወትሮው ሥራቸውን ጀመሩ። ሬሕማ ሰምታ ልታጽናናቸው ብትሄድ፣ "ዋ! ለሐጅ ትንፍሽ እንዳትዪ!" አሏት። አንዲት ጣውላ ሲልጉ ሲልጉ ወረቀት እስክታክል አሳሷት።

ሬሕማ አንጀቷ አልቻለም። ብትናገር ዳግመኛ ላያናግሯት ይችላሉ፤ ካርቱም ውስጥ እንደ አባት ያላት ደግሞ እሳቸውን ብቻ ነው። ቢሆንም ገብታ ለሐጅ ሳዲቅ ነገረች።

ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ በጋሽ ተድላ ደጅ ድንኳን ተተከለ። የሰፈሩ ወንዶች ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው መጡና መዳፋቸውን ዘርግተው ቆሙ።

"ያ ተድላ፣ እናትህ እናታችን አይደለችም? እንዴት ትደብቀናለህ?" አሉ ሐጅ ሳዲቅ።

ታላቁ መምህር ግራ ገባቸው። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ልቅሶ ሲደርሱ፣ ሐዘንተኛው ምን እንደሚያደርግ ልብ ብለው አያውቁም። አንዴ ሊጨብጡ፣ አንዴ እጅ ሊነሱ ሲሉ ዐይናቸው በዳር ከተቀመጡት ሴቶች መካከል ሬሕማ ላይ ዐረፈ። ሬሕማ መዳፎቿን ቀስ አድርጋ ዘረጋች። እሳቸውም ዘረጉ። ልጅ ሆነው ከእናታቸው ጎን አቡነ ዘበሰማያት የሚደግሙት እንዲሁ መዳፋቸውን ዘርግተው ነበር። እሱኑ በለሆሳስ ጀመሩና ሳይጨርሱት "እማዬን!" ብለው ተንሰቀሰቁ። ዝም በል ያላቸው ሰው አልነበረም።

በሳምንቱ አዲስ መጪዋን ሉጥፊያን ሲያስተምሩ ሬሕማ በዚያ በኩል አለፈች።

"ሐዘንተኛውም መዳፉን ይዘረጋል! ይህን የማያውቅ ስንት አለ መሰለሽ! ስለ ሱዳን..." ብለው ሬሕማን ሲያዩ ቆም አሉ።

"ይጨርሱት እንጂ ጋሼ" አለች፣ ፈገግ ብላ።

ጋሽ ተድላ ወደ አዲሷ ተማሪያቸው ዞሩ።

"ስለ ሱዳን" አሏት ሉጥፊያን፣ "ሬሕማን ጠይቂያት።"