ዝንብ በል ቅጠል ያጠናው ጎረቤቴ

ምሁር ስለ ሙያው የትም ቢያወራ ችግር የሌለበት ለምን ይመስለዋል? የአቃቂው ጎረቤቴ ዶክተር መላኩ ባሕር ማዶ ሄዶ የተማረው ዝንብ ስለሚበሉ ዕፅዋት ነው። በደርግ ጊዜ፣ በቀበሌያችን የውይይት ክበብ፣ «ጓድ፣ ሙያህን ለሰፊው ሕዝብ አስረዳ» ተባለ።

«ቅጠሉ አፉን ከፍቶ ዝም ይላል» አለ ደስ ብሎት። «ዝንቡ ጣፋጭ ሽታ ስቦት፣ ወዶ ይገባል። ከዚያ ይዘጋበታል። በተፈራገጠ ቁጥር አጥብቆ ይይዘዋል። ከቀናት በኋላ ሲከፈት የሚገኘው ደረቅ ክንፍ ብቻ ነው።»

ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን። ሊቀመንበሩ እስክሪብቶውን አስቀምጦ በቀስታ ጠየቀ።

«ጓድ፣ ይህ ነገር የሚገኘው እኛ ቀበሌ ነው?»

«ኧረ የለም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ውጭ አገር ብቻ ነው።»

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ዶክተሩ የሚያጠናው ጎመን ሆነ። ስለ ጎመኑ ሲጠየቅም፣ ማንንም እንደማይበላ አስቀድሞ ይናገራል።